ፋውስቶ ኮፒ፦ የድሉ ምስጢር ዝግጅት ነበር ወይስ አበረታች መድኃኒት?

እ.ኤ.አ ጁን 10 ቀን 1949 ማለዳ ከጣሊያኗ ኩኔዮ ከተማ የተነሱት የጂሮ ዲ ኢታሊያ ተወዳዳሪዎች ፒኔሮሎ እስኪደርሱ ድረስ 254 ኪሎ ሜትር ይጠብቃቸው ነበር። በመካከሉ አምስት የአልፕስ ተራራ መተላለፊያዎች ተደርድረዋል። ገና በመጀመሪያው ዳገት ላይ አንድ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ብስክሌተኛ ከሌሎቹ ተለይቶ ወጣ። የቀረውን 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነድቶ ፒኔሮሎ ሲገባ ሁለተኛ የወጣው ጂኖ ባርታሊ 11 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ይህ ብስክሌተኛ ፋውስቶ ኮፒ ነው። የብስክሌት ስፖርት ታሪክ ጸሐፍት ያን ዕለት ከስፖርቱ ታላላቅ ቀናት አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ ከኮፒ ስም ጋር አብሮ ሲነሳ የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም አንድ ሰው ተፎካካሪዎቹን በዚህ ያህል ርቀት ጥሎ ለመሄድ የቻለው ከሌሎቹ የላቀ ዝግጅት ስላደረገ ነው ወይስ በአበረታች መድኃኒት በመታገዙ ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ከእርሱ በኋላ በመጡት ሻምፒዮናዎች ሁሉ ላይ እየተነሳ እስከ ዛሬ ዘልቋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮፒ የተወለደው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1919 በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክልል ካስቴላኒያ በተባለች ትንሽ የኮረብታ መንደር ነው። ለወላጆቹ ዶሜኒኮና አንጆሊና ከአምስት ልጆች አራተኛው ነበር። ቤተሰቡ በግብርና የሚተዳደር ሲሆን ኑሮውም ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ልጁ ጤናው ደካማ፣ ሰውነቱም ከሲታ ነበር። በስምንት ዓመቱ በቤታቸው ምድር ቤት የተጣለ የዛገ ብስክሌት ካገኘ ወዲህ ግን ልቡ ከብስክሌት ተለይቶ አያውቅም። ከትምህርት ቤት እየቀረ በኮረብታው መንገድ ላይ ሲነዳ የዋለባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም።

በ13 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ኖቪ ሊጉሬ በምትባለው ከተማ በአንድ ልኳንዳ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ለደንበኞች ሥጋ በብስክሌት ማድረስ ነበር። ያን ዳገትና ቁልቁለት መመላለሱም ሳያስበው የመጀመሪያው ልምምድ ሆነለት። ባሕረተኛ የነበረው አጎቱ ያበረከተለት ገንዘብ ደግሞ የውድድር ብስክሌት ባለቤት አደረገው።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ግን በዚያችው ከተማ የተዋወቀው ዓይነ ሥውር ወጌሻ ነው። ቢያጆ ካቫና በወጣትነቱ ቦክሰኛ የነበረ፣ ኋላም ዝነኛውን ብስክሌተኛ ኮስታንቴ ጂራርዴንጎን በማሸት የታወቀ ሰው ነበር። ዓይኑን ካጣ በኋላ የብስክሌተኛን ጡንቻ በጣቶቹ እየዳሰሰ ድካሙንና ብርታቱን ለይቶ በማወቅ ስም አተረፈ። በኖቪ ሊጉሬ ወጣቶችን ሰብስቦ ያሠለጥን ነበር። በካቫና ዘንድ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፤ ሠልጣኞቹ በጊዜ ይተኛሉ፣ ማልደው ይነሳሉ፣ የሚበሉትም በልክ ነው። ኮፒ ከዚህ ሰው እጅ የወጣው ሰውነቱን እንደ መሣሪያ መጠበቅን ተምሮ ነው።

የመጀመሪያው ፍሬ በ1940 ታየ። ኮፒ ሌኛኖ በተባለው ቡድን ውስጥ የዝነኛው ጂኖ ባርታሊ ረዳት ሆኖ በጂሮ ዲ ኢታሊያ ተሰለፈ። ባርታሊ በውድድሩ መጀመሪያ ወድቆ በመጎዳቱ ግን ረዳቱ በአፔኒን ተራሮች ላይ ብቻውን ወጥቶ የመሪነቱን ሮዝ ማሊያ ለበሰ፤ እስከ መጨረሻውም አላስነጠቀም። ያን ጊዜ ዕድሜው 20 ዓመት ሲሆን በውድድሩ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ አሸናፊ ለመሆን በቅቷል። ውድድሩ በተጠናቀቀ ማግስት ጣሊያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች።

በጦርነቱ መካከል፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1942፣ ኮፒ ሚላን በሚገኘው የቪጎሬሊ ሜዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ኪሎ ሜትር ከ798 ሜትር በመጓዝ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ይህ ክብረ ወሰን ፈረንሳዊው ዣክ አንክቲል በ1956 እስኪያሻሽለው ድረስ ለ14 ዓመታት ጸንቶ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን አፍሪካ የዘመተው ኮፒ በ1943 በቱኒዚያ በእንግሊዞች ተማረከ። ወደ አገሩ የተመለሰው በጦርነቱ ማብቂያ ነው። አንድ ስፖርተኛ ኃይሉን ይበልጥ ሊያሳይባቸው ከሚችሉት ዓመታት ጥቂት የማይባሉት በምርኮኞች ካምፕ አልፈዋል።

በ1946 የሚላን ሳንሬሞ ውድድር የታየው ኮፒ ግን እንደ አዲስ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ከሌሎች ጥቂት ብስክሌተኞች ጋር ገና በማለዳ ተነጥሎ ከወጣ በኋላ በቱርኪኖ ዳገት ላይ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ሁለተኛው ተወዳዳሪ ሳንሬሞ የደረሰው ከ14 ደቂቃ በኋላ ነበር። የሬዲዮ ጋዜጠኛው ሁለተኛውን እስኪያዩ ድረስ አድማጮች ሙዚቃ እንዲሰሙ እንደጋበዘ ዛሬም ድረስ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የኮፒ ዘመን ተብለው ይታወቃሉ። ጂሮ ዲ ኢታሊያን በ1940፣ በ1947፣ በ1949፣ በ1952 እና በ1953 በድምሩ አምስት ጊዜ አሸነፈ። ቱር ደ ፍራንስን በ1949 እና በ1952 ወሰደ። ሁለቱን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ውስጥ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1950 ፓሪስ ሩቤን፣ በ1953 ደግሞ በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ የዓለም ሻምፒዮናነትን ተቀዳጀ።

ይህን ሁሉ ድል በዝግጅት ብቻ ለማስረዳት የሚፈልጉ ወገኖች ማስረጃ አያጡም። በዚያን ጊዜ ብዙ ብስክሌተኞች ከውድድር በፊት ሆዳቸው እስኪሞላ ሥጋና እንቁላል ይበሉ፣ ወይን ጠጅም ይጠጡ ነበር። ኮፒ ግን በጥቂት በጥቂቱ መመገብን፣ ለመፈጨት የሚቀሉ የእህል ምግቦችንና አትክልትን ማዘውተርን መረጠ። በልምምዱም ረጅም ርቀት በእኩል ፍጥነት ከመንዳት አልፎ በሙሉ ኃይል የሚፈጥንበትን ዘዴ ጨመረበት። ለእንቅልፉና ለዕረፍቱ የሚሰጠው ጥንቃቄ፣ ለብስክሌቱ ክብደትና ለማርሹ አሠራር የነበረው ትኩረት በዘመኑ ያልተለመደ ነበር።

ቡድኑም በእርሱ ዙሪያ የተደራጀ ነበር። የቢያንኪ ብስክሌት ፋብሪካ ያሰለፋቸው ረዳቶቹ ነፋስ ይከልሉለታል፣ ውኃ ያቀብሉታል፣ ጎማው ሲተነፍስ የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አንድሬያ ካሬያ በ1952 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሳያስበው የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ ባገኘ ጊዜ የአለቃውን ክብር የነጠቀ መስሎት አልቅሷል። በማግስቱ ኮፒ አልፕ ዱዌዝ ተራራ ላይ አሸንፎ ማሊያውን ወሰደ። በዚያ ዓመት የመጨረሻው ልዩነት 28 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ደርሶ ነበር። አዘጋጆቹ ውድድሩ ጨርሶ እንዳይቀዘቅዝ በማሰብ የሁለተኛነቱን ሽልማት በእጥፍ ለማሳደግ ተገደዋል።

የኮፒ መንፈስ ግን ሁልጊዜ እንደ ሰውነቱ ብርቱ አልነበረም። በ1949 ቱር ደ ፍራንስ ወደ ሳን ማሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቆ ብስክሌቱ ሲሰበርበት ተስፋ ቆርጦ ውድድሩን ሊተው ተቃርቦ ነበር። የጣሊያን ቡድን ኃላፊ አልፍሬዶ ቢንዳ አግባብቶ ባያስቀጥለው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። ከመሪው ከ36 ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ የነበረው ኮፒ በፒሬኔና በአልፕስ ተራሮች ላይ ልዩነቱን እያጠበበ መጥቶ ባርታሊን በ10 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በመብለጥ ፓሪስ ገባ።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ሌላ ነገር አለ ብሎ ከማንም በፊት የጠረጠረው ይኸው ባርታሊ ነበር። ባርታሊ ራሱ በኋላ እንደተረከው በ1946ቱ ጂሮ ኮፒ ዳገት ላይ ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ጠጥቶ ሲወረውራት አይቷል። ውድድሩ ካበቃ በኋላ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሥፍራው ተመለሰና ብልቃጧን ከሣር ውስጥ ፈልጎ አገኘ። በሐኪም ባስመረመራት ጊዜ ግን ውስጧ የነበረው በግልጽ የሚሸጥ ተራ የፈረንሳይ ብርታት ሰጪ ሽሮፕ ሆኖ ተገኘ። ባርታሊ በዚህ አልተገታም። በውድድር ወቅት ኮፒ የሆቴል ክፍሉን ለቆ ሲወጣ እየገባ ባዶ ጠርሙሶችንና የመድኃኒት ማሸጊያዎችን ይመረምር እንደነበር፣ ከዚያም ተነስቶ ባላንጣው በሚቀጥለው ቀን እንዴት እንደሚነዳ መተንበይ እስከ መቻል ደርሶ እንደነበር አልሸሸገም።

ጥርጣሬውን ያረጋገጠው ግን የባርታሊ ፍለጋ ሳይሆን የኮፒ የራሱ አንደበት ነው። ኮፒ ብስክሌተኞች በጊዜው ቦምብ እያሉ የሚጠሩትን አምፌታሚን ይወስዱ እንደሆነ በቃለ መጠይቅ ሲጠየቅ አዎን ብሏል። ይህን የሚክድ ሰው ስለ ብስክሌት ሊያወሩት የማይገባ እንደሆነም አክሏል። ራሱም ይወስድ እንደነበረ ሲጠየቅ ባስፈለገው ጊዜ እንደሚወስድ፣ የሚያስፈልገውም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ እንደሆነ ሳይሸሽግ ተናግሯል።

አምፌታሚን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎችና ወታደሮች ነቅተው እንዲቆዩ ይሰጣቸው የነበረ መድኃኒት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ስፖርቱ በስፋት ገባ። መድኃኒቱ በአንጎል ላይ በመሥራት የድካም ስሜትን ያደበዝዛል፣ የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ይጨምራል። አደገኛነቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሰውነት እረፍ የሚልበትን የማስጠንቀቂያ ደወል ስለሚያጠፋ በሙቀትና በዳገት ላይ ያለ ብስክሌተኛ ከአቅሙ በላይ እየነዳ መሆኑን ሳያውቅ ሊወድቅ ይችላል።

በኮፒ ዘመን ይህን መድኃኒት መውሰድ ሕገወጥ አልነበረም፤ የሚከለክል ደንብም ሆነ የሚመረምር ሐኪም አልነበረም። በመሆኑም የእርሱ ጉዳይ ከዘመናችን የአበረታች መድኃኒት ቅሌቶች ይለያል። ተከላካዮቹም ተፎካካሪዎቹ ያንኑ መድኃኒት ይወስዱ ከነበረ ልዩነቱን የፈጠረው ሌላ ነገር መሆን አለበት ይላሉ። አምፌታሚን የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም አያሳድግም፤ ያልሠለጠነን ሰው 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ለመንዳት አያበቃም።

ይህ ክርክር ሚዛን የሚደፋ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ማን፣ መቼና ምን ያህል እንደወሰደ የተመዘገበ ነገር የለም። አንድ መድኃኒትም በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም። ከሁሉም በላይ በኮፒ ዙሪያ ዝግጅትና መድኃኒት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው አልኖሩም። ምግቡን፣ እንቅልፉን፣ መታሸቱን፣ የማርሹን ጥርስ የሚቆጥረው ያው አእምሮ መድኃኒቱንም ከእነዚሁ ጋር አንድ ላይ ቆጥሮታል። ለእርሱ ሁሉም ዝግጅት ነበር።

የዘመኑ ኅብረተሰብ ኮፒን የኮነነው በሌላ ጉዳይ መሆኑ ደግሞ ትኩረት የሚስብ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሰርሴ ኮፒ ጁን 1951 በውድድር ላይ ወድቆ በደረሰበት ጉዳት ከሞተ በኋላ ኮፒ በከባድ ሐዘን ውስጥ ወደቀ። ቆይቶም ሚስቱን ትቶ ባለትዳር ከነበረችው ጁሊያ ኦኪኒ ጋር መኖር ጀመረ። በጊዜው በጣሊያን ሕግ ከትዳር ውጭ መሄድ በወንጀል ያስጠይቅ ስለነበር ሁለቱም በ1955 ፍርድ ቤት ቀርበው በገደብ የተያዘ የእስራት ቅጣት ተወሰነባቸው። ጋዜጦች ነጭ ለባሿ እመቤት ብለው የሰየሟት ይህች ሴት ጉዳይ አገሪቱን ለሁለት ከፈለ። በአንጻሩ በየውድድሩ የሚዋጠው ቦምብ የማንንም ፍርድ ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

ኮፒ ዕድሜው ከገፋና ሰውነቱ ከደከመ በኋላም ከውድድር አልራቀም። በዲሴምበር 1959 አንክቲልንና ራፋኤል ጀሚኒያኒን ከመሳሰሉ ብስክሌተኞች ጋር ወደ ላይኛው ቮልታ፣ የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ ተጉዞ በዋጋዱጉ በተዘጋጀ ውድድር ተሳተፈ፤ አደንም አደነ። ከጀሚኒያኒ ጋር ያደሩበት ክፍል ትንኝ የበዛበት ነበር። ሁለቱም ወደ አገራቸው ሲመለሱ በብርቱ ታመሙ። የፈረንሳይ ሐኪሞች የጀሚኒያኒ ደም ውስጥ የወባ ጥገኛ ተሕዋስ አግኝተው በኪኒን አዳኑት። ቤተሰቦቹም ይህንኑ ለጣሊያን አስታወቁ። የኮፒ ሐኪሞች ግን በሽታውን የሳንባና የጉንፋን ሕመም ነው ብለው አከሙት። ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ማለዳ በቶርቶና ሆስፒታል በ40 ዓመቱ አረፈ። ሰውነቱን በሚመለከት አንዳች ነገር ሳያሰላ የማይተወውን ሰው የገደለው መድኃኒቱ የታወቀ በሽታ ሆነ።

ኮፒ በሞተ በስምንተኛው ወር የአበረታች መድኃኒት ጉዳይ በዓለም አደባባይ ገሃድ ወጣ። ኦገስት 26 ቀን 1960 በሮም ኦሎምፒክ በብርቱ ሙቀት በተካሄደው የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ውድድር ዴንማርካዊው ክኑድ ኤነማርክ የንሰን ከብስክሌቱ ወድቆ ሞተ። የሞቱ ትክክለኛ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ቢያከራክርም በአምፌታሚን ላይ የወደቀው ጥርጣሬ ምርመራ እንዲጀመር ለቀረበው ጥሪ መነሻ ሆኗል። ከዚያ አሳዛኝ ዕለት 15 ቀን በኋላ በዚያችው ሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። አንድ ኦሎምፒክ የስፖርትን ብርሃንና ጥላ ጎን ለጎን አሳየ።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ቀስ በቀስ መጣ። ቤልጂየምና ፈረንሳይ በ1965 በስፖርት አበረታች መድኃኒት መውሰድን የሚከለክል ሕግ አወጡ። በ1966 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ምርመራ ሲደረግ ብስክሌተኞቹ በማግስቱ ከብስክሌታቸው ወርደው በእግራቸው በመጓዝ ተቃውሟቸውን ገለጹ። በቀጣዩ ዓመት፣ ጁላይ 13 ቀን 1967፣ እንግሊዛዊው ቶም ሲምሰን በሞን ቫንቱ ዳገት ላይ ወድቆ ሞተ፤ በሰውነቱም ውስጥ አምፌታሚንና አልኮል ተገኘ። የኮፒ ትውልድ እንደ ቀላል ነገር የቆጠረው ልማድ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ በዚህ ታወቀ።

በ1990ዎቹ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያበዛው ኢፖ የተባለው መድኃኒት ተስፋፋ። ይህ እንደ አምፌታሚን የድካም ስሜትን ብቻ የሚያደበዝዝ ሳይሆን የሰውነትን ጽናት በቀጥታ የሚያሳድግ ነበር። ከ1999 እስከ 2005 ቱር ደ ፍራንስን ሰባት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ ለዓመታት ድሉን ለማስረዳት የሚያቀርበው ጠንካራ ልምምዱንና በጥናት የተደገፈ ዝግጅቱን ነበር። ዝግጅቱ እውነት ነበር፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም። በ2012 ሰባቱንም ድሎች ተነጠቀ፤ በጃንዋሪ 2013 ደግሞ ጥፋቱን አመነ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ኮፒ ያልተከለከለውን አድርጎ ሲጠየቅ ተናገረ፤ አርምስትሮንግ የተከለከለውን አድርጎ ማስረጃው እስኪከበው ድረስ ካደ።

የኮፒን ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመለከት ሰው መልሱ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይሆንም። ትጋቱን ባርታሊን ጨምሮ ባላንጣዎቹ መስክረውለታል። መድኃኒቱንም ራሱ አምኗል። ከ14 ደቂቃዋ ልዩነት ስንቱ የዝግጅት፣ ስንቱ የመድኃኒት እንደነበረ ግን ማንም ሊያካፍለው አይችልም፤ በጊዜው የለካ የለምና። የእርሱን ትጋት ያላቸው ሁሉ የእርሱን መድኃኒት መውሰድ አለባቸው ብለው ያመኑ ወጣቶች መኖራቸው ደግሞ የስፖርቱ ትልቁ ጉዳት ሆኖ ቀርቷል።

ጂሮ ዲ ኢታሊያ ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ በውድድሩ የሚታለፈውን ከፍተኛውን ተራራ ቺማ ኮፒ፣ ማለትም የኮፒ ጫፍ፣ እያለ ይጠራል። የትውልድ መንደሩም የተወለደበት 100ኛ ዓመት በተከበረበት በ2019 ስሟን ካስቴላኒያ ኮፒ በማለት ለውጣለች። የዛሬ ብስክሌተኞች የደምና የሽንት ናሙና ተጠብቆ እስከ አሥር ዓመት ድረስ እንደገና ሊመረመር ይችላል። ከኮፒ ዘመን የቀረው ግን የሰዓት መቆጣጠሪያው ያስመዘገበው ቁጥርና የራሱ ቃል ብቻ ነው።